ሰባተኛው ግንብ እና ቀኝ እጄ

ሰኞ፣ 43ኛ ቀን

ጀሶው ዛሬ ወጣ። ከውስጡ የወጣው እጅ ግን የኔ አይመስልም። ቀጥኗል፣ ገርጥቷል፣ አንጓው ላይ ጠባሳ ተጋድሞበታል። ጨብጪ ሲሉኝ አውራ ጣቴ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ዝም አለ።

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝን ልጅ ወታደሯ ብያታለሁ፤ ከትእዛዝ ሌላ ወሬ አታውቅም። የጎማ ኳስ ሰጠችኝና በቀን ሦስት ጊዜ ይጭመቁ ተባልኩ። ሁለተኛው ትእዛዝ በየቀኑ በቀኝ እጅ መጻፍ ነው። ምን ልጻፍ ብላት የመጣልዎትን አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። ቀኑን የምቆጥረው ከወደቅኩበት ሰኞ ጀምሮ ነው።

እጄ ደከመ።

ማክሰኞ፣ 44ኛ ቀን

ኳሱን ጠላሁት። አመመኝ። ይብቃ።

ረቡዕ፣ 45ኛ ቀን

ሥራዬን ልጻፍ፤ እጄም ምን እንደቀረበት ይወቅ። የወንድ ሙሉ ልብስ በሚሰፋበት ቤት ሃያ አንድ ዓመት ቆራጭ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰፊው ብዙ ነው፣ ቁልፍ ተካዩ ብዙ ነው፣ ቆራጭ ግን አንድ ናት። በቤታችን ደንብ በጠመኔ የተሰመረ መስመር ከአንገት እስከ ጫፍ መቀስ ሳይነሳ ይቆረጣል። መሃል ላይ ያቆመች እንደሆነ ጨርቁ ጥርስ ያወጣል፤ ያን ጥርስ እትዬ በር ላይ ቆመው ያዩታል። እትዬ የቤቱ ባለቤት ናቸው።

ጠረጴዛዬን ሦስት ወር እንደሚጠብቁልኝ ቃል ገብተውልኛል። 92ኛው ቀን ሰኞ ይውላል። የዚያን ዕለት የአንድ ሆቴል ሥራ ይጀመራል፣ መቶ ሃያ ኮት። እኔም በፊታቸው አንድ የኮት ጀርባ ቆርጬ አሳያለሁ። ከቻልኩ ጠረጴዛው የኔ ነው። እስከዚያው አንዲት ተተኪ ቆማበታለች።

ሐሙስ፣ 46ኛ ቀን

ካውያ ተኳሿ ጓደኛዬ ደወለች። ተተኪዋ እንዴት ናት ስላት ምንም አትል አለችኝ። ቀጥላም ሳትጠየቅ “ፈጣን ናት” አለች።

ባለቤቴ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ይህን ብቻ ጽፌ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። የወደቅኩት በገዛ ሕንፃችን ደረጃ ላይ ነው፤ ጣቃ ጨርቅ ታቅፌ፣ አራተኛ ፎቅ ልደርስ ስምንት ደረጃ ሲቀረኝ። የሕንፃው ሊፍት ከቆመ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር፤ እስካሁንም እንደቆመ ነው። ያን ሰሞን በየቀኑ “ነገ አየዋለሁ” ይለኝ ነበር።

ስለ ሊፍቱ አልጽፍም።

ቅዳሜ፣ 48ኛ ቀን

እጄን በሙቅ ውኃ የምጠቀልልበት አሮጌ ፎጣ ፍለጋ የቁም ሳጥኑን አናት በግራ እጄ ስበረብር አንድ ካርቶን ወረደብኝ። ውስጡ ሽቦ፣ ሽቦ፣ ከሽቦው ስር ደግሞ “ሰባቱ ግንብ”።

ጌም ነው። ያውም የሃያ ዓመት ጌም። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ስንኖር፣ ባለቤቴ ከወንድሙ በተዋሰው ኮምፒውተር ላይ አብረን የተጫወትነው። አንዲት ጦር የያዘች ሴት ሰባት ግንብ እየወጣች፣ በየግንቡ አናት ያለውን ጠባቂ ትገጥማለች። ማውሱን እሱ ይይዛል፣ እኔ በኪቦርዱ ቁልፎች ቀይ ጠርሙስ አጠጣታለሁ፤ ቀዩ ጠርሙስ ቁስል ያድናል። ስድስቱን ግንብ ወጣን። የሰባተኛው ጠባቂ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ ያንጠለጠለ፣ ሆዳም፣ ሲመጣ ኮቴው ከሩቅ የሚሰማ ፍጡር ነው። ገና ሲያየው ባለቤቴ “አከራያችን!” ብሎ ጮኸ። እውነትም ቁርጥ እሳቸውን ነበር። ስሙ በዚያው ጸና።

አከራዩን ግን አላሸነፍነውም። ሃያ ጊዜ ገደለን። እኔ ማውሱን በደንብ አልያዝከውም ስለው፣ እሱ ጠርሙሱን አዘገየሽው ሲለኝ፣ ወንድሙ መጥቶ ኮምፒውተሩን ወሰደ።

ማታ ባለቤቴ የጌሙን የሲዲ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አገኘው። አንስቶ ገለበጠው፣ አፉን ከፍቶ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እጄን አየና መልሶ አስቀመጠው።

ሰኞ፣ 50ኛ ቀን

አንጓዬ ሃያ ዲግሪ ይታጠፋል። መታጠፍ ያለበት ስልሳ ነው። ወታደሯ ኳሱን እየሠሩበት ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ።

ማክሰኞ፣ 51ኛ ቀን

ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቱ የሲዲ ማንበቢያ ተውሶ መጣ። ኮምፒውተሩ ለትምህርት ርቃ የሄደችው ልጃችን የተወችው ነው፤ ሲዲ የሚገባበት አፍ የለውም። ሲዲው ተጭሯል። አንድ ጊዜ ሠላሳ በመቶ ላይ ቆመ፣ አንድ ጊዜ ስልሳ አራት ላይ እንደ ወፍጮ አጓርቶ ተወው። በሳሙና አጠብነው። ማድረቂያ ጨርቅ ሲያመጣ አይቼ ተው አልኩት፤ ለማንም የማልሰጠው የሐር ገበር ቁራጭ ነበረኝ፣ አወጣሁለት። ከመሃል ወደ ዳር እየሳበ ጠረገው።

መቶ በመቶ ሞላ። ተጫን አልኩት፣ ተጫነ። ስክሪኑ ጨለመ፣ ጨልሞም ቀረ። ሙዚቃው ግን መጣ። ያ መጀመሪያው ላይ የሚመታው ከበሮ፣ ከዚያ ዋሽንቱ። ጥቁር ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጠን እስከ መጨረሻው ሰማነው። የምናየው ነገር ሳይኖር ሁለታችንም ዓይናችንን አላነሳንም።

ሐሙስ፣ 53ኛ ቀን

ለካ ይህን ጌም ዛሬም የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። ባለቤቴ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የጻፉትን ሁሉ ሲያነብ አመሸ። አንድ የማናውቀው ሰው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ጌሙን በዛሬ ኮምፒውተር የሚያስከፍት ትንሽ ፋይል ሠርቶ አስቀምጧል። እሷን ጨምረን ስንከፍት ስክሪኑ በራ! ሰማዩ ሐምራዊ ነው፣ የሰው ፊት ሁሉ አረንጓዴ ነው። በግንቡ በር ላይ ጦር የሚሸጠው ነጋዴ ሆዱን የታመመ ይመስላል። ቢሆንም በራ።

ባለቤቴ ለሰውዬው የምስጋና መልእክት ጻፈ። ለኔ በዚህ ሁለት ወር የተናገረኝ ቃል ቢደመር ያን አያህልም። እኔም አልተናገርኩትም፣ እውነቱን ለመናገር።

ዓርብ፣ 54ኛ ቀን

ቀለሙ ተስተካከለ። አሁን ደግሞ ፍጥነቱ ጉድ አፈላ። ይህ ጌም የተሠራው ለዘገምተኛ ኮምፒውተር ስለሆነ በዛሬው ላይ ሁሉ ነገር ይሮጣል። ጦረኛዋ ውሻ እንዳባረራት ሰው በረረች፤ የመጀመሪያው ግንብ ተኩላዎች እጄ ማውሱ ላይ ሳያርፍ ጨረሷት። አሥራ አራት ጊዜ ሞትኩ። ነጋዴው እንኳን ሰላምታውን የሚናገረው ባቡር እንዳያመልጠው እንደሚጣደፍ ሰው ነው።

ሳቅኩ። ከወደቅኩ ወዲህ ድምፄን አውጥቼ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሁለታችንም እንዳጠፋ ሰው ዓይናችንን ወደ ስክሪኑ መለስን።

ቅዳሜ፣ 55ኛ ቀን

ባለቤቴ ዕረፍቱ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ የውኃ ሽታ ሆኖ ዋለ። ሲመጣ እጅጌው ቅባት ነክቶታል። የት ነበርክ አላልኩትም። ዕረፍቱን እንኳ የሰው ሊፍት ይጠግናል እንጂ የገዛ ቤቱን ዞር ብሎ አያይም። ይኸው ጻፍኩት፣ አልጽፍም ብዬ።

እሁድ፣ 56ኛ ቀን

ጠዋት ስነሳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። “ፍጥነቱን አስተካክዬዋለሁ” አለኝ፣ በመስኮት እያየ። ማውሱን ወደ ቀኝ እጄ ገፋ አደረገው። በግራዬ ልይዘው ስል ለግራ የሚሆን ማውስ አይደለም አለኝ። ውሸቱን ነው፤ ማውስ ግራና ቀኝ አያውቅም። ግን ያዝኩት።

ተኩላዎቹ ዛሬ ጨዋ ሆነዋል። ሲዘሉ ይታያሉ። አንዱን ወጋሁ፣ ሁለተኛውን ወጋሁ፣ አመመኝ፣ ሦስተኛውንም ወጋሁ። ሃያ ደቂቃ ቆየሁ። ኳሱን ሃያ ደቂቃ ጨምቄው አላውቅም።

ማክሰኞ፣ 58ኛ ቀን

እሱ ሥራ ሲሄድ ብቻዬን ገባሁ። ዝናብ ይዘንባል፣ ሻይዬ ቀዝቅዟል፣ እኔ የመጀመሪያው ግንብ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ነገር ዓለሙን ረሳሁት። በርሜል ሁሉ ይሰበራል፣ ከውስጡ ሳንቲም ወይም አይጥ ይወጣል። አንድ የዛገ ጦር አገኘሁና ነጋዴው ዘንድ ሮጥኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያው በር ላይ ቆሞ “መንገደኛ፣ ቀኑ ይመሻል” ይላል። ደኅና ሰንብተሃል አልኩት፣ አፍ አውጥቼ።

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ማንም እንዳይሰማ።

ሐሙስ፣ 60ኛ ቀን

የመጀመሪያው ጠባቂ ወደቀ! በቀኝ እጄ! እጄ ከክንዴ ጀምሮ ይንቀጠቀጣል፤ ፊደሉም ያስታውቃል። ደስ ብሎኛል። ማን ይከለክለኛል።

ሰኞ፣ 64ኛ ቀን

ሠላሳ ስድስት ዲግሪ። ወታደሯ መለኪያዋን ሁለት ጊዜ አስቀመጠች። ምን እያደረጉ ነው አለችኝ። ጦር እየወረወርኩ ነው እንዴት ይባላል? ሹራብ እየሠራሁ ነው አልኳት። ግሩም ነው፣ ሲያልቅ ያሳዩኛል አለች። አሁን ሹራብ ከየት አባቴ አመጣለሁ?

ሁለተኛው ግንብ ውኃ የሞላው ነው። ጦረኛዋ እስከ ወገቧ ገብታ ስትሄድ እርምጃዋ ይከብዳል፣ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። መብራቱ በውኃው ላይ ሲሰባበር ያኔም ወድጄው ነበር። ያኔ ግን ማውሱ በሱ እጅ ስለነበር ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ዛሬ ቆምኩና ደህና አድርጌ አየሁት።

ሐሙስ፣ 67ኛ ቀን

ካውያ ተኳሿ ልትጠይቀኝ መጣች። አራት ፎቅ በእግሯ ወጥታ በር ላይ እስክትተነፍስ ጠበቅኳት። ተተኪዋ ጠረጴዛዬ ላይ የራሷን የጠመኔ ሳጥን አስቀምጣለች። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ከእግሯ ስር ጣውላ አስደርጋለች። ሰው ጣውላ የሚያስደርገው ሊቆይ ሲያስብ ነው።

ሻይ ልጨምርላት ስነሳ ጣሳውን በቀኝ እጄ አንስቼ ለቀቅኩት። ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ነው የነገረችኝ። እትዬ ለሒሳብ ሠራተኛዋ ሲያወሩ ሰምታቸዋለች። “እሷማ ካልሆነላት ቁልፍ ትትከል፣ አላባርራትም” ብለዋል።

ደግነት መሆኑ ነው። ቅስሜ ስብር አለ።

ዓርብ፣ 68ኛ ቀን

መቀሴን ከመሳቢያ አወጣሁ። ጋዜጣ ላይ መስመር አሰመርኩ። አንድ ስንዝር ሄድኩ። አውራ ጣቴ ተወኝ፣ መቀሱ ወደቀ። ደገምኩ። ያው አንድ ስንዝር። ጋዜጣው ጥርስ በጥርስ ሆነ።

የኔው ጥፋት ነው። ጣቃውን ሥራ ቤት ትቼው ብመጣ ምን ነበረበት? ምን ቆርጦኝ አቅፌ ወጣሁ? ወታደሯ ከመጀመሪያው ኳሱን ይያዙ ስትለኝ ብይዝ ምን ነበረበት?

ዛሬ ጌም የለም።

እሁድ፣ 70ኛ ቀን

ባለቤቴ ሦስተኛው ግንብ ላይ አብረን እንቀመጥ አለኝ። ማውሱ በኔ፣ ጠርሙሱ በሱ። ከያኔው ተገላብጦ። መጀመሪያ ደህና ነበርን። ጠባቂው አንድ ጊዜ ሲመታኝ ጠርሙሱን አዘገየውና ጦረኛዋ ወደቀች። አንተ መቼ በሰዓቱ ደርሰህ ታውቃለህ አልኩት።

ስለ ጠርሙሱ እንዳልሆነ ሁለታችንም አወቅን። ማውሱን አስቀመጥኩና “ነገ፣ ነገ አልከኝ” አልኩት። “አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ነገ አልከኝ።”

እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ከዚያ “አዎ” አለ። “ቀኑን ሙሉ የሰው ሊፍት ስጠግን እውልና የራሴ ቤት ደረጃ በሚቀጥለው ቀን ይታያል እላለሁ። የምትወጪው አንቺ እንደሆንሽ ረስቼው አይደለም። ለምጄው ነው።”

ሌላ ሰበብ ቢያቀርብ ልክ ልኩን ልነግረው አፌን አሹዬ ነበር። አላቀረበም። እኔም እንዳኮረፍኩ ማውሱን መልሼ ያዝኩ። በሦስተኛው ሙከራ ጠባቂው ወደቀ። ጠርሙሱ በሰዓቱ ደረሰ። ይህን አልነገርኩትም።

ረቡዕ፣ 73ኛ ቀን

አራተኛው ግንብ። ዛሬ የሚዋጉኝ አጽሞች ፈጠን ያሉ መሰለኝ። ወይ እኔ አርጅቻለሁ።

ቅዳሜ፣ 76ኛ ቀን

ባለቤቴ ዛሬም የለም፣ ዛሬም ቅባት ለብሶ መጣ። ሸሚዙን ነክሬ ቀረሁ። እኔ ከሰዓት ጋዜጣ ቆረጥኩ፣ ሦስት ስንዝር ሳላነሳ። ሦስት! ልጃችን ስትደውል ነገርኳት፤ ጌሙንም ነገርኳት። እናቴ ጭራቅ ትገድላለች ብዬ ለጓደኞቼ ላውራ? አለችኝ። አውሪ አልኳት።

ሰኞ፣ 78ኛ ቀን

አርባ ዘጠኝ ዲግሪ። ወታደሯ ሹራቡ የት ደረሰ አለችኝ። አምስተኛው ግንብ ላይ አልኳት። አፌ አመለጠኝ እንጂ ልናገር አስቤ አይደለም። ከዚያ ወዲያ መደበቂያ የለም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም። ቀጥላ በዝቅታ የጌሙን ስም ጠየቀችኝና መዝገቧ ጠርዝ ላይ ጻፈችው።

ዓርብ፣ 82ኛ ቀን

ስድስተኛው ጠባቂ ሁለት ሰይፍ ያለው ነው። እንደ እሳት ነው የሚሽከረከረው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተዋጋን፤ ብቻዬን፣ ጠርሙሱንም ማውሱንም ራሴ ይዤ። ስድስት ጊዜ ገደለኝ። በሰባተኛው ቀኝ እጄ ከኔ ቀድማ ሄደች። እሱ ሲሽከረከር እሷ አውቃ ጥግ ይዛ፣ እሱ ሲቆም እሷ ወግታ። ሲወድቅ ከወንበሬ ላይ ብድግ ብዬ “እሰይ!” አልኩ፤ የታችኛው ፎቅ ሰው ጣሪያውን በመጥረጊያ አንኳኳ። ይቅርታ ጎረቤቴ፣ በገዛ እጄ ልጥለው ሃያ ዓመት ጠብቄያለሁ።

እሁድ፣ 84ኛ ቀን

ጠዋት ባለቤቴ ገላውን ሲታጠብ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳውን ከፈትኩ። የሥራ ደብተሩ እጄ ላይ ተከፈተ። ለእያንዳንዱ ሊፍት አንድ ገጽ አለው፤ አድራሻ፣ የተቀየረው ዕቃ፣ ፍጥነቱ። አንዱ ገጽ ራስጌው ላይ “ቤት” ይላል። የኛ ሊፍት መሰለኝና ደሜ ፈላ፤ ሲጽፈው ይጽፈዋል፣ ሲሠራው ግን አይሠራውም አልኩ። ወደ ታች ሳነብ ሊፍት አይደለም።

“እሁድ፣ 50። ሃያ ደቂቃ ተጫወተች።” “ሐሙስ፣ 55። አንደኛው ግንብ።” “ሰኞ፣ 65።” “ሐሙስ፣ 65። ጣሳ ወደቀባት፤ አልጨመርኩም።” “ረቡዕ፣ 75።”

የጌሙ ፍጥነት ነው። ግማሽ አድርጎልኝ ኖሯል። ተኩላዎቹ ጨዋ የሆኑት ለዚህ ነው። እንደ ሕፃን ልጅ እያሸነፍሽ ነው ተብዬ ስጨፍር ከረምኩ ማለት ነው።

ፎጣ አገልድሞ ሲወጣ ደብተሩን ከፊቱ ያዝኩለት። “ልጅ መሰልኩህ?” አልኩት። የቆጠርኩት ድል ሁሉ ውሸት ነው፣ ሰኞ ሳምንት እትዬ ፊት ስቆም ጨርቁን ማን ሊያዘገይልኝ ነው አልኩት።

ውኃው እየተንጠባጠበ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። “ገመዱ የተቀየረለት ሊፍት በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ፍጥነት አይለቀቅም” አለኝ። “በዝግታ ይወጣል፣ በዝግታ ይወርዳል። ገመዱ ሲላመድ ትንሽ ይጨመርለታል። ሊፍቱን መናቅ አይደለም። ሰው ይዞ ስለሚወጣ ነው።” ከዚያ “ገጹን ጨርሺው” አለኝ።

አልጨርስም ብዬ ወደ ኮምፒውተሩ ሄድኩ። ፋይሉን እሱ እንዳደረገው አደርገዋለሁ፣ ሙሉ አድርጌው እሞታለሁ ብዬ ነው። ከፈትኩት። የፍጥነቱ ቁጥር 100 ይላል። ገና ምንም ሳልነካው።

ተመልሼ ገጹን ጨረስኩት። የመጨረሻው መስመር ከአራት ቀን በፊት የተጻፈ ነው። “ረቡዕ፣ 100። አላወቀችም።”

ባለሁለት ሰይፉን የገደልኩት ዓርብ ነው።

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ቀኝ እጄን። አለቀስኩ፤ ሽንኩርት ምናምን አልልም፣ አለቀስኩ። እሱ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ያገለደመውን ፎጣ ጫፍ አቀበለኝ። በለቅሶዬ መሃል ሳቄ መጣ።

ረቡዕ፣ 87ኛ ቀን

ከጋዜጣ ወደ ጨርቅ አለፍኩ። አሮጌ መጋረጃ፣ ከላይ እስከ ታች። ሁለት ጊዜ ጥርስ፣ ሦስተኛው ንጹሕ። ደገምኩት፣ ጥርስ። ደገምኩት፣ ንጹሕ። ቤቱ መጋረጃ የለውም አሁን።

እሁድ፣ 91ኛ ቀን

ነገ ነው። ዛሬ ምሳ በልተን ሰሃኑን እንኳ ሳናነሳ ሰባተኛው ግንብ ላይ ተቀመጥን። ማውሱ በኔ፣ ጠርሙሱ በሱ፣ ፍጥነቱ መቶ።

የአከራዩ ኮቴ ከሩቅ ተሰማ። ቁልፎቹ ተንሿሹ። ባለቤቴ እንደ ያኔው “መጡ” አለ፣ ሳያስበው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ያኔ እውነተኛው አከራይ ሲመጡ መብራት አጥፍተን እንዲሁ ነበር የምንለው።

አምስት ጊዜ ገደለን። ማንም ማንንም አልወቀሰም። በስድስተኛው አከራዩ ከመምታቱ በፊት ዘለላውን ሦስት ጊዜ እንደሚያወዛውዝ አየሁ። ሃያ ዓመት ሲያወዛውዝ ኖሯል፤ እኛ እየተጨቃጨቅን አላየነውም። ሦስተኛዋ ላይ ዞርኩ። የያዘው በትር ወለሉን መታ። ወጋሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዞርኩ፣ ወጋሁ። “ጠርሙስ” ሳልል ጠርሙሱ ይመጣል። እጄ ሲዝል ተሰማኝ፣ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ወደቀ። ቁልፎቹ በየደረጃው እየተንከባለሉ እስከ ታች ወረዱ። የግንቡ ደጆች ሁሉ ተራ በተራ ተከፈቱ። ይህን ያየነው ዛሬ ነው፤ እንዲህ እንደሚያምር ማን አወቀ! ከበሮውና ዋሽንቱ መጡ። ጦረኛዋ ከግንቡ አናት ቆማ አገሩን አየች፣ እኛም አብረናት አየን። የሠሩት ሰዎች ስም እስኪያልቅ ድረስ ከወንበራችን አልተነሳንም።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሰኞ፣ 92ኛ ቀን

እጄ አልደከመም፤ ሁሉንም እጽፋለሁ።

ሥራ ቤት ስገባ ማሽኑ ሁሉ ቆመ። ተተኪዋ ከጣውላዋ ወርዳ ጠረጴዛውን ለቀቀችልኝ። ጠላት ላደርጋት ስንት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ዓይን አፋር ልጅ ናት። ትልቁን መቀሴን በዘይት አሽታ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣልኝ ኖሯል። “አልነካሁትም፣ እንዳይዝግ ብዬ ነው” አለችኝ።

እትዬ በር ላይ ቆሙ። ጥቁር ሱፍ ተዘረጋ። ጠመኔውን ራሴ አሰመርኩ፣ ከአንገት ትከሻ፣ ከትከሻ ወገብ፣ ከወገብ ጫፍ። ካውያ ተኳሿ ካውያዋን ባዶ ጣውላ ላይ ትታ ስታየኝ ጢስ ሸተተን፤ ሳቅ ሆነ፣ ያ ሳቅ ጠቀመኝ።

ገባሁ። ትከሻው ደህና ሄደ። ወገቡ ላይ፣ መስመሩ በሚጎብጥበት ቦታ፣ አውራ ጣቴ ያንን የታወቀ መዛሏን ጀመረች። ቆሞ መተንፈስ አማረኝ። አላቆምኩም። ከሷ ጋር ስንት ፎቅ እንደወጣሁ አውቃለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አልኩ በልቤ፣ ጎባጣውን ዞርኩት፣ መቀሱ መንገዱን ያዘ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጫፍ ድረስ ያ የማውቀው ድምፅ ብቻ ነበር። ሱፉ ለሁለት ተከፈለ።

እትዬ መጡና ጠርዙን በሁለት ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ጥርስ ፈለጉ፣ የለም። መልሰው ዳሰሱት።

“ጠረጴዛሽን ያዢ” አሉኝ። “መቶ አሥራ ዘጠኝ ይቀርሻል።” ተተኪዋን ደግሞ ከጎኔ አቆሟት፤ ጣውላዋንም ይዛ መጣች። ለመቶ ሃያ ኮት ሁለት ቆራጭ አይበዛም፤ ይህን እኔው ነኝ ያልኳቸው።

ማታ ሕንፃችን በር ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ወደ ደረጃው ዞርኩ። “ተበላሽቷል” የሚለው ወረቀት የለም። የሊፍቱ በር ክፍት ነው፣ መብራቱ በርቷል። ውስጡ፣ ቁልፎቹ አጠገብ፣ በባለቤቴ እጅ ጽሑፍ የተለጠፈ ወረቀት አለ። “ገመዱ ተቀይሯል። ለጊዜው በዝግታ ይሄዳል። ፍጥነት 50።”

ቅባት የነካው ሸሚዝ ሁሉ በዓይኔ ላይ መጣ። ቅዳሜ፣ ቅዳሜ፣ ቅዳሜ። እኔም አፌን ሞልቼ የጻፍኩት መጣብኝ፤ የገዛ ቤቱን ዞር ብሎ አያይም ያልኩት። ከፍ ብሎ ተጽፏል፣ አልሰርዘውም፣ ግን አፍሬበታለሁ።

ገባሁና አራትን በቀኝ አውራ ጣቴ ተጫንኩ። ቀስ ብሎ ወጣ። እያንዳንዱን ፎቅ በበሩ መስታወት እየተሰናበትኩ አለፍኩ፤ የወደቅኩበትንም ቦታ አለፍኩ። በሩ ሲከፈት ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ስለ ኮቱ አልጠየቀኝም፤ ፊቴን አይቶ አውቆታል።

“እንዴት ነው፣ ተንቀራፈፈብሽ?” አለኝ።

“ደህና ነው” አልኩት። “ነገ ስልሳ ታደርገዋለህ።”